ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ሥራ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ዘንድሮ ማንም ስለ ሙያው አያወራም፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ እጅሽን ስለምታስገቢበት ነገር ንገሪን» አሉኝ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ እጄን የማስገባው ደግሞ ግሪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ «የድሮ ቮልስ ሞተር ሲታደስ የዘይት መስመር ውታፎችን ስለ መቀየር» ብዬ ርእስ ላክሁ። ፕሮግራሙን አይታችሁ «የማተሚያ ቤት ስሕተት መሆን አለበት» ብላችሁ የደወላችሁልኝ ጓደኞቼ እዚሁ ተቀምጣችሁ አያችኋለሁ። ስሕተት አይደለም። አሥራ አምስት ደቂቃ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ውታፍ ማለት ምን እንደሆነ ልናገር፤ ሁሉም ሰው መካኒክ አይደለምና።

ሞተር ውስጥ ብረት በብረት ላይ የሚዞር ይመስለናል። ጤነኛ ሞተር ውስጥ ግን ክራንክሻፍቱ የሚዞረው በዘይት ላይ ነው። ክራንክሻፍቱና መካኒኮቻችን ብሮንዝ በሚሉት ለስላሳ የብረት ቅርፊት መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ነው፤ ከአንድ ጠጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም። እዚያ ክፍተት ውስጥ ዘይት በግፊት ይገባል፣ ዘንጉም ተንሳፍፎ ይዞራል። ዘይቱ ከተቋረጠ ብሮንዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀልጣል ወይም ይነክሳል።

ታዲያ ዘይቱ እዚያ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? በሞተሩ አካል ውስጥ በተቦረቦሩ ቀጫጭን መስመሮች ነው። እንግዲህ ትራፓኖ ቀጥ ብሎ እንጂ ታጥፎ አይበሳም። ፋብሪካው አንዱን ረጅም መስመር ከሞተሩ አንድ ጫፍ ጀምሮ ይበሳል፣ ሌሎቹን ደግሞ ከጎን እየበሳ ከዚያ ጋር ያገናኛቸዋል። ሥራው ሲያልቅ መስመሮቹ ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ፤ ነገር ግን ትራፓኖው የገባባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ወደ ውጭ ክፍት ሆነው ይቀራሉ። እነዚህን ለመድፈን ትናንሽ ክብ ብረቶች በኃይል ተገፍተው ይገባሉ፣ ዙሪያቸውም ተቀጥቅጦ እንዳይወጡ ይደረጋል። ውታፍ የምለው ይህን ነው። ፋብሪካው ሲደፍነው ማንም መልሶ ይከፍተዋል ብሎ አይደለም። ጥርስ የለውም፣ ቁልፍ የሚይዝበት ጭንቅላትም የለውም። በላዩ ላይ ሲቆሽሽ ደግሞ መኖሩ ራሱ አይታይም።

አሁን ወደ ቮልስ ልምጣ። ጀርመኖች የነደፏት ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። እኛ አገር ታሪክ ውስጥም ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ዳገቱን እየተንተከተከች ስትወጣ የማያያት የለም።

ሞተሯ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የላትም። ክራንክሻፍቱን አቅፎ የሚይዘው ካርተር ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን እንደ መጽሐፍ ለሁለት ይከፈላል። የምትይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ከታች አንዲት የሽቦ ወንፊት ናት። ወንፊቷ ትልልቁን ትይዛለች፣ ደቃቁ ግን ያልፋል። ያለፈው ከዘይቱ ጋር ይዞራል፣ ወይም ጸጥ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። ከሁሉ ጸጥ ያለው ቦታ ደግሞ ከውታፉ ጀርባ ያለው ጥግ ነው። ዘይቱ እዚያ ድረስ አይፈስም፤ ከዚያ በፊት ባለው ቅርንጫፍ ታጥፎ ይሄዳል። ሐኪሞች ይህን ስትሰሙ ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ። ፍሰት በሌለበት ቦታ ምን እንደሚጠራቀም እዚሁ ግቢ ነው የተማርነው።

ነገሩ ለእኔ የመጣው በአባቴ መኪና ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። 1300 ቮልሱን ያገለገለች ሆና ነው የገዛት፣ ልጆቹን ሁሉ ትምህርት ቤት አመላልሶባታል፤ እኔንም እዚህ ግቢ በር ላይ ከነፍራሼ ያወረደኝ በእሷ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተሯ ተንኳኳ። ብሮንዙ አልቆ ነበር። ወንድሜ አንድ ጋራዥ አስገባት። ጋራዡ ሞተሩን አውርዶ ፈታው፣ አዲስ ብሮንዝ፣ አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር፣ አዲስ የዘይት ፓምፕ፣ አዲስ ጓርኒዚዮን ገጠመ። ደረሰኙ ሁለት ገጽ ነበር። መኪናዋ ከጋራዥ ስትወጣ ድምፅዋ እንደ ስፌት መኪና ነበር።

አራት ወር ቆየች። ከዚያ የአዲስ አበባ–ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ያው ድምፅ ተመለሰ።

አባቴ «በቃ፣ አርጅታለች፣ እንደኔው ናት፤ ለዕቃ ሽጧት» አለ። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ከመኪና ጋር አያይዞ ሲሆን ልብ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። እኔም ከመሸጧ በፊት ሞተሩ ተከፍቶ ምክንያቱ ይታወቅ አልኩ። ሐኪም ቤት ብንሆን «ታካሚው ለምን ተመለሰ?» ሳይባል ፋይል አይዘጋም አይደል?

ሶማሌ ተራ አካባቢ ቮልስ ሲፈታ ሲገጥም ዕድሜውን የጨረሰ አንድ አንጋፋ መካኒክ አገኘሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉለሌ ያለው የአባቴ ግቢ ድረስ መጥቶ አብረን እንድንሠራ ተስማማን። ሞተሩን አወረድነው፣ ካርተሩን ለሁለት ከፈልነው። አዲሱ ብሮንዝ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች፣ ጭረቶቹ መጨረሻ ላይም የተሰኩ የብረት ቅንጣቶች ነበሩ። ብሮንዝ ለስላሳ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ቆሻሻ ሲመጣ ዘንጉን ከማስጎዳት ይልቅ ራሱ ውስጥ ይቀብረዋል። ቅንጣቶቹ ከመጠን ሲያልፉ ግን እሱም ይሸነፋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ብረት ከየት መጣ? ሁሉም ነገር አዲስ ነበር እኮ» አልኩት።

ካርተሩን ገልብጦ ጫፉ ላይ ያለችውን ክብ ነገር በጥፍሩ ፋቀና «ዶክተር፣ ይህቺን ማንም አልነካትም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ብሮንዝ ሲያልቅ የተፋቀው ብረት በየመስመሩ ተበትኗል። ጋራዡ ካርተሩን በናፍታ አጥቦ በኮምፕሬሰር አየር ነፍቶታል። ይህ ደግ ነው፤ ግን አየር ባገኘው ክፍት ቀዳዳ ይወጣል እንጂ ተደፍኖ ወደ ቀረ ጥግ ሄዶ አይጠርግም። ስለዚህ ብረቱ ከውታፎቹ ጀርባ ከአሮጌ ዘይት ጋር ተጋግሮ ቀረ። አዲስ ዘይት ሲገባ፣ ያውም የማጽዳት ጠባይ ያለው የዛሬ ዘይት፣ ያንን ጭቃ ቀስ በቀስ እያሟሟ ወደ አዲሱ ብሮንዝ ላከው። አራት ወር የወሰደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ውታፎቹን ለምን በቀላሉ አናወጣቸውም? ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ማውጣቱም አደጋ አለው። ማግኒዥየም ቀላል ነው ግን ተሰባሪ ነው። ፑንታው አልፎ ከሄደ ወይም ጥርስ ሲወጣለት ከተሰነጠቀ፣ ካርተሩ አበቃለት። ካርተሩ ደግሞ የሞተር ቁጥሩ የተመታበት አካል ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ያ ነው። ካርተር መቀየር ማለት የሞተር ቁጥር መቀየር ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የወረቀት መንገድ መኪና ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ምርጫችን ሁለት ነበር፤ ውታፎቹን ሳንነካ አዲስ ብሮንዝ ገጥመን መጸለይ፣ ወይም ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ያለውን አካል መብሳት። የመጀመሪያው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ አይተነዋል። ለአባቴ ሁለቱንም አስረዳሁት። መኪናዋ የእሱ ናት፣ ውሳኔውም የእሱ ነው። ትንሽ አሰበና «ክፈቷት» አለ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ የድሮ መኪና ያላችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ካርታ ሠራን። ቀጭን ሽቦ በየመስመሩ እያስገባን ርዝመቱን ለካን፣ የትኛው ከየትኛው ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ በወረቀት ላይ ሣልነው። ያለዚህ ካርታ ትራፓኖ መያዝ አይገባም። ውታፎቹ ስንት እንደሆኑ እንደ ሞተሩ ዓይነትና ዓመት ይለያያል፤ ስለዚህ በሰው መኪና ቁጥር ሳይሆን የራስን ካርተር እያገላበጡ መቁጠር ነው።

ቀጥሎ የውታፉን መሐል በሹል ብረት መትተን ነጥብ አወጣን፣ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ በሳነው። ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልለን ምልክት አድርገናል፤ ውታፉን ብቻ ይበሳል፣ ከዚያ አያልፍም። በቀዳዳው ብሎን አስገብተን በተንሸራታች መዶሻ ሳብነው። አንዳንዱ በሁለት ምት ወጣ። አንዱ ግን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀ።

እዚህ ላይ ስለ ደኅንነት አንድ ነገር። የማግኒዥየም ፍቅፋቂ ይቀጣጠላል። አጠገቡ ሲጋራ፣ መበየጃ፣ የሚፈናጠር የብረት ብልጭታ አይኑር። ከተቀጣጠለ ውኃ አይደፋበትም፤ ውኃ ያብሰዋል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ ይዞ መሥራት ነው። እኛም በየጊዜው ፍቅፋቂውን እየጠረግን በክዳን ዕቃ እናኖር ነበር።

ውታፎቹ ሲወጡ ከጀርባቸው የወጣው ነገር ጥቁር ነበር፤ ወፍራም፣ እንደ ቀዘቀዘ ሬንጅ። በነጭ ጨርቅ ላይ ስናሸው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነገር ታየ። አባቴ ወንበሩን አምጥቶ ተቀምጦ ነበር። ጨርቁን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየና ምንም አላለም። መልሶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ እጥበት። በረጅምና ቀጭን ብሩሽ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማሸት፣ በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ በአየር መንፋት፣ እንደገና ማሸት። አሁን መስመሩ ወዲያና ወዲህ ክፍት ስለሆነ ብሩሹ ያልፋል፣ ባንድ በኩል መብራት ሲበራ በሌላው በኩል ይታያል። መቼ ይበቃል? ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ ሆኖ ሲወጣ። የእኛ ከስድስት ዙር በኋላ ነው የነጣው። አንዳንዶች ኮስቲክ ሶዳ ይጠቀማሉ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እንደሚበላ ግን ይታወቅ።

በመጨረሻ መልሶ መድፈን። ቀዳዳዎቹ ላይ በጥርስ ማውጫ ጥርስ አውጥተን የሚጠብቅና የሚፈታ ውታፍ ገጠምን። ለሚቀጥለው የሚያድስ ሰው በቁልፍ ይፈታዋል ማለት ነው። እዚህም ሦስት ጥንቃቄ አለ። ጥርሱ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ እንደ ሽብልቅ ይሠራል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ማግኒዥየሙን ይሰነጥቃል። ጥልቅ ብሎ ከገባ ደግሞ ከጎን የሚመጣውን መስመር ይደፍናል፤ ቆሻሻ አጸዳሁ ብሎ ደም ሥር እንደ መቋጠር ነው። ካርታው የሚያስፈልገው እዚህ ላይም ነው። ወደ ውጭ ከተረፈ ደግሞ በቮላኖ በኩል ያለው ቮላኖውን ይነካል። ማሸጊያውም ፈሳሽ የጥርስ ማጣበቂያ ይሁን፤ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ነጭ ቴፍሎን አይሁን። የቴፍሎኑ ቁራጭ ተበጥሶ መስመር ውስጥ ከገባ የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ ከንቱ ነው።

የውታፉ ብረት ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። እዚህ የምሕንድስና መምህራን ስላላችሁ በቁጥር ልናገር። ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሜትር ማግኒዥየም ወደ 2.6 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ አሉሚኒየም 2.3፣ ብረት 1.2 ገደማ። በ10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ ሲሰላ ሞተሩ ሲግል የብረት ውታፍ ከቀዳዳው በ14 ማይክሮን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፣ የአሉሚኒየሙ ግን በ3 ብቻ። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጀርባው ግፊት ያለው ትኩስ ዘይት አለ። እኛም የገጠምነው አሉሚኒየም ነው።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ካንዴላዎቹን አውልቀን በሞተሪኖ ብቻ አዞርነው፤ እሳት ሳይኖር ዘይቱ ቀድሞ በየመስመሩ እንዲሞላ። የግፊት መለኪያ ሰክተናል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የዘይት መብራት ብቻዋን አትበቃም፤ የምትበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ጀምሯል። የፋብሪካው መመሪያ በ70 ዲግሪ ሙቀትና በደቂቃ 2500 ዙር ቢያንስ 2 ባር ይጠይቃል። የእኛ 2.6 አነበበ። መካኒኩ መለኪያውን አይቶ «እንግዲህ ከእኔም ዕድሜ ታልፋለች» አለ። ይኸው አሁን ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ አባቴም ለዕቃ ትሸጥ ማለቱን ትቷል።

ከዚህ ሁሉ ለዛሬ የማነሣው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጋራዥ ደረሰኝ ደግሜ አንብቤዋለሁ። ውሸት የለበትም። የተጻፈው ዕቃ ሁሉ ተገጥሟል። የጎደለው ሥራ ግን ደረሰኝ ላይ ቦታ የለውም፤ «ብሮንዝ፣ 1 ሙሉ» ይባላል እንጂ «ከውታፍ ጀርባ ያለው ጥግ፣ ስድስት ጊዜ የታሸ» የሚል መደብ የለም። ደንበኛውም የሚከፍለው ለሚያየው አዲስ ዕቃ ነው። መካኒኩ ሦስት ቀን ብሩሽ ሲገፋ ቢውል «ምን ሠራህ?» ይባላል። እንግዲህ ማንም የማይከፍልበት ሥራ ቀስ በቀስ የሚረሳ ሥራ ይሆናል። ሐኪሞችም ብንሆን አስተማሪዎችም ብንሆን፣ በየሙያችን እንደዚህ ያለ ሥራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙን አልጠራውም፣ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምን።

አንደኛው መኪና ለምታሳድሱ ሁሉ ነው። ጋራዥ ስትገቡ «ስንት ያስከፍላል?» ከማለታችሁ በፊት «የዘይት መስመሩን ውታፎች ታወጣለህ ወይ? መልሰህስ በምን ትደፍነዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ሞተር ይህን አይፈልግም፤ ንጹሕ ሆኖ የቆየና ብሮንዙ ያልተበላ ሞተር የፋብሪካ ውታፉን ይዞ ዘመኑን ይጨርሳል። ብረት የፈጨ ሞተር ግን ሳይከፈት አይድንም። «አወጣለሁ» ካላችሁ ለጊዜው ክፈሉት። ደረሰኙ ላይም እንዲጽፈው ጠይቁ።

ሁለተኛው ለመካኒካል ምሕንድስና ክፍል መምህራን ነው። ያ መካኒክ የሚያውቀውን ነገር በአማርኛ ተጽፎ ለማግኘት ፈልጌ አላገኘሁም። እሱ በእጁ ነው የሚያውቀው፤ ጉልበቱን አሟል፣ ልጆቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ተማሪዎቻችሁን ወደ ሶማሌ ተራ ላኳቸው፤ ማስታወሻ ደብተርና ካሊፐር ይዘው ይሂዱ፣ አጠገቡ ቆመው ይጻፉ፣ ይለኩ፣ ይሣሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። እኔም የሠራነውን ካርታና ልኬቶች ቅጂ ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ ለክፍሉ አስረክባለሁ።